ከመኪና ግርግር እስከ ከዚራ፦ ፎቶን ጥቁርና ነጭ የማደርግበት መንገድ

የድሬዳዋ ዛፍ ፈክቶ የከዚራን ሰፈር ቀይ ሲያለብሰው ስልኩን ያላወጣ የድሬ ልጅ የለም። ያንን ፎቶ ጥቁርና ነጭ አድርጎት ያልተናደደም ያለ አይመስለኝም። ያ ሁሉ አበባ ድራሹ ይጠፋል። አበባው፣ ቅጠሉ፣ ከኋላ ያለው አጥር ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናል፤ ዛፉ ማበቡን የሚያውቀው ያነሳው ሰው ብቻ ነው።

ስልኩ አልተበላሸም፣ አፑም አልተበላሸም። የአበባው ቀይና የቅጠሉ አረንጓዴ ለዓይናችን ሰማይና ምድር ናቸው፣ ግን የሚለያዩት በቀለማቸው ነው እንጂ በብርሃን መጠናቸው ብዙም አይራራቁም። ቀለሙ ሲነሳ የሚቀረው ብርሃን ብቻ ነው። ስለዚህ ጥቁርና ነጭ ስንሠራ ዋናው ሥራ የትኛው ቀለም ነጣ እንዲል፣ የትኛው ጠቆር እንዲል መወሰን ነው። እናንተ ካልወሰናችሁ ሶፍትዌሩ ይወስንላችኋል። ሶፍትዌሩ ደግሞ አበባና ቅጠል አያውቅም፣ የሚያየው ቁጥር ነው።

እኔ ድሬ ላይ ሠርግና ምርቃት አነሳለሁ፣ እንጀራዬ እሱ ነው። ሥራ በሌለኝ ቀን ደግሞ ደንገጎን ወጥቼ ሐረር ጀጎል ውስጥ ስዞር እውላለሁ። ጥቁርና ነጭ የማደርጋቸው ፎቶዎች አብዛኞቹ ከዚያ የመጡ ናቸው። በስልክም በኮምፒውተርም እሠራለሁ፣ ሁለቱንም እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ትንሽ ሒሳብ፣ አትሽሹ። እያንዳንዱ የፎቶ ነጥብ ሦስት ቁጥር አለው፦ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ። ቁጥሮቹ ከ0 እስከ 255 ይሄዳሉ። ፎቶሾፕ ውስጥ ዲሳቹሬት የሚባል ትእዛዝ አለ፣ ኮንትሮል ሺፍት ዩ። እሱ የሚያደርገው ከሦስቱ ቁጥሮች ትልቁንና ትንሹን ደምሮ ለሁለት ማካፈል ነው፣ በቃ። ንጹህ ቀይ 255፣ 0፣ 0 ነው፤ ውጤቱ 128 ገደማ ይሆናል። ንጹህ አረንጓዴም 128 ገደማ። ንጹህ ሰማያዊም ያው 128። ሦስት የማይገናኙ ቀለሞች ገብተው አንድ ግራጫ ወጣ ማለት ነው። ለዚህ ነው ያንን ትእዛዝ የማልነካው።

የተሻለው ሒሳብ ዓይናችን ለየትኛው ቀለም ይበልጥ እንደሚነቃ ያገናዝባል። ዓይን ለአረንጓዴ ብዙ፣ ለቀይ መካከለኛ፣ ለሰማያዊ ትንሽ ነው የሚነቃው። ስለዚህ ቀዩ በ0.299፣ አረንጓዴው በ0.587፣ ሰማያዊው በ0.114 ይባዛና ይደመራል። በዚህ ሒሳብ ንጹህ ቀይ 76፣ ንጹህ አረንጓዴ 150፣ ንጹህ ሰማያዊ 29 ይሆናሉ። ይሄ በጣም ይሻላል። ግን የከዚራውን ዛፍ አያድነውም። እስቲ አበባው 200፣ 50፣ 30 ነው እንበል፤ ቅጠሉ ደግሞ 70፣ 110፣ 50። አስሉት። አበባው 93 ይመጣል፣ ቅጠሉ 91። የሁለት ነጥብ ልዩነት በዓይን አይታይም። አበባው የት እንደገባ አሁን ገባችሁ?

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱን ስላይደር፣ ማለትም የሚጎተት ማስተካከያ፣ የሚሰጥ መሣሪያ መጠቀም ነው። ፎቶሾፕ ላይ ብላክ ኤንድ ኋይት የሚባለው አድጀስትመንት ሌየር (ዋናውን ፎቶ ሳይነካ ከላዩ የሚቀመጥ ማስተካከያ) ይሄንን ይሠራል። በ2007 እ.ኤ.አ. ሲኤስ3 ከሚባለው የፎቶሾፕ እትም ጋር የመጣ ነው፣ ስለዚህ አሮጌ ፎቶሾፕ ያለው ሰውም አይቸገርም። ስድስት ስላይደሮች አሉት፦ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሳያን (ወደ አረንጓዴ ያደላ ሰማያዊ)፣ ሰማያዊና ማጄንታ (ወደ ሐምራዊ ያደላ ደማቅ ሮዝ)። ስትከፍቱት 40፣ 60፣ 40፣ 60፣ 20 እና 80 ላይ ተቀምጠው ታገኟቸዋላችሁ። እዚያ ላይ እያሉ «እንዲህ ነው እንዴ የሚመስለው?» ብላችሁ አትዝጉት፣ ሥራው ገና አልተጀመረም። ቀዩን ወደ ላይ ጎትቱት፣ አረንጓዴውንና ቢጫውን ወደ ታች። ቢጫውን ያልኩት ያለምክንያት አይደለም፤ ፀሐይ ያረፈበት ቅጠል ለእኛ አረንጓዴ ይምሰል እንጂ ለሶፍትዌሩ ብዙ ጊዜ ወደ ቢጫው ያደላል። ወዲያው ዛፉ ያብባል። ብትፈልጉ ገልብጡት፣ አበባው ጥቁር ቅጠሉ ነጭ ይሁን። እኔ አበባው ሲነጣ ነው ደስ የሚለኝ።

የትኛው ስላይደር የትኛውን ቦታ እንደሚነካ ግራ ከገባችሁ እዚያው ፓኔሉ ላይ የእጅ ምልክት አለች። እሷን ተጫኑና ፎቶው ላይ የፈለጋችሁትን ቦታ ይዛችሁ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ጎትቱ፣ የትኛው ቀለም እንደሆነ ራሷ ታውቃለች። ላይትሩም የሚባለው ሌላው የፎቶ ማስተካከያ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። ላይትሩም እንዲያውም ስምንት ስላይደር ይሰጣል፤ ብርቱካናማንና ሐምራዊን ለየብቻ ያወጣቸዋል። ብርቱካናማው ለብቻው መውጣቱ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፣ ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ኮምፒውተር ላይ ቪ ፊደልን መጫን ብቻ ነው፣ ፎቶው ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ስልክ ላይ ደግሞ ከለር ውስጥ ገብታችሁ የብላክ ኤንድ ኋይት ቁልፉን ስትነኩት ስላይደሮቹ ይመጣሉ።

ገንዘብ መክፈል የማይፈልግ ሰው ጊምፕን ያውርድ። ነጻ ነው፣ ከለርስ ውስጥ ዲሳቹሬት፣ ከዚያ ሞኖ ሚክሰር በሉ። እዚያ ሦስት ስላይደር ብቻ ነው ያለው። ደንቡ ቀላል ነው፣ የሦስቱ ድምር 1 አካባቢ ይሁን፤ ከበለጠ ፎቶው ይነጣል፣ ካነሰ ይጨልማል። ዳርክቴብልም አለ፣ እሱም ነጻ ነው፣ ግን ለጀማሪ ሆድ ያስብሳል።

ስልክ ላይ ብዙ ሰው ያለው ስናፕሲድ ነው። ቱልስ ውስጥ ብላክ ኤንድ ኋይትን ስትከፍቱ ሰው ሁሉ የሚሮጠው የተዘጋጁት ስታይሎች ላይ ነው። ዋናው ነገር ግን እነሱ አይደሉም። የቀለም ፊልተር የሚመረጥበት ምልክት አለ፤ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ይሄ ነገር ከፊልም ዘመን የመጣ ነው። ያኔ ጥቁርና ነጭ ፊልም የሚያነሱ ሰዎች ሌንሱ ፊት ባለ ቀለም መስታወት ይገጥሙ ነበር። መስታወቱ የራሱን ቀለም ያሳልፋል፣ ተቃራኒውን ያግዳል። ቀይ መስታወት ሰማያዊውን ሰማይ ያጠቁራል፣ ቀዩን ነገር ያነጣል። ስናፕሲድ ላይ ቀዩን ስትመርጡ የምታገኙት ይሄንኑ ነው። ለየቀለሙ ስላይደር የለውም እንጂ ለቸኮለ ሰው ይበቃል።

አሁን ወደ ፊት እንምጣ፣ እኔ በዋናነት ለመጻፍ የተነሳሁት ስለዚህ ነው።

ኢንተርኔት ላይ ጥቁርና ነጭ እንዴት ይሠራል ብላችሁ ብትፈልጉ ግማሹ ሰው «ብርቱካናማውን ከፍ አድርጉት፣ ቆዳው ይጠራል» ይላችኋል። ለፈረንጅ ፊት እውነት ነው። ጠቃጠቆውና መቅላቱ ይጠፋል። የእኛ ቆዳ ግን ጠይም ሆነ ጥቁር ሆነ የቀይ ዳማ፣ ለሶፍትዌሩ ብርቱካናማና ቀይ ነው፣ ልዩነቱ ጠቆር ያለ ብርቱካናማ መሆኑ ነው። እሱን ወደ ላይ ስትገፉት ፊቱ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ጉንጭና አፍንጫ የሠሩት ጥላ ይጠፋል፣ ከንፈር ከአገጭ ጋር ይቀላቀላል፣ ፊቱ ጠፍጣፋ ይሆናል። ሰውየው ነጭ አይሆንም፣ በሽተኛ ነው የሚመስለው። ስናፕሲድ ላይ ቀይ ፊልተር ፊት ላይ ስትጠቀሙም የሚመጣው ይሄው ነው።

አንድ ቀን አንዲት እናት የልጃቸውን የምርቃት ፎቶ በትልቁ ታትሞ፣ ፍሬም ተደርጎ፣ በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘውልኝ መጡ። ሌላ ቦታ የተሠራ ነው። ልጅቷ ጥቁር ገዋን ለብሳለች፣ ፊቷ ደግሞ እንደ ወረቀት ነጥቷል።

«ይቺ የኔ ልጅ ናት?» አሉኝ። «የኔ ልጅ ጠይም ናት እኮ! ምን ቀብተዋት ነው?»

«እናቴ፣ ምንም አልቀቧትም። ኮምፒውተር ላይ ነው የነጣችው።»

«ታዲያ መልስልኛ!»

ደግነቱ ባለ ቀለሙ ፎቶ ልጅቷ ስልክ ላይ ነበር። አስልኬ ከፈትኩት። ላይትሩም ላይ ብርቱካናማውን ወደ ታች 10 ገደማ፣ ቀዩን ከዚያም ባሰ ወደ 20 አወረድኩት። ቀዩ ሲወርድ ከንፈሯ ተለይቶ ወጣ። ከዚያ ፊቷን በጠቅላላ ማብራት ትቼ፣ በብሩሽ ግንባሯን፣ የአፍንጫዋን አጥንትና ብርሃኑ የመጣበትን ጉንጭ ብቻ ትንሽ ትንሽ አነሳሁት። በዚያ በኩል ያለውን ጥላ አልነካሁትም። እናትየው ከኋላዬ ቆመው ያያሉ። ጉንጯ ላይ ስደርስ «እሷ ናት፣ ተወው» አሉኝ። እኔ ገና ልሠራ ነበር፣ ግን እውነታቸውን ነው፣ እዚያ ላይ ተውኩት።

ጠቆር ላለ ፊት ደንቤ ይሄ ነው፦ ቆዳውን አላነጣም፣ ብርሃን ያረፈበትን አበራለሁ። ጠቆር ያለ ቆዳ ብርሃንን መልሶ ያንጸባርቃል፣ ውበቱም እዚያ ላይ ነው። ያ ነጸብራቅ በግንባርና በጉንጭ ላይ ካለ፣ የቀረው ፊት የፈለገውን ያህል ቢጠቁር ሰው ይታያል። ነጸብራቁ ከሌለ ደግሞ ስላይደር ብትጎትቱ ብትጎትቱ አይመጣም። እሱ ፎቶው በሚነሳበት ጊዜ ነው የሚሠራው፣ ሰውየውን ወደ በር ወይም ወደ መስኮት ዞር በል ማለት ነው።

ሂናም አለ። እኛ አካባቢ ሠርግ ያለ ሂና የለም ማለት ይቻላል። የሙሽራ እጅ በጥቁርና ነጭ በጣም ያምራል፣ ግን ቀላ ያለ ሂና ጠይም እጅ ላይ ሁለቱም ወደ ቀይ ስለሚያደሉ በአንድ ቁልፍ ስትቀይሩት ሥዕሉ ይደበዝዛል። እዚህ ላይ ቀዩን ወደ ታች፣ ብርቱካናማውን ባለበት ተዉት ወይም በጣም በጥቂቱ ከፍ አድርጉት። ሂናው ከቆዳው ይልቅ ወደ ቀዩ ስለሚቀርብ እሱ ብቻ ይጠቁራል። ቅጠሉ፣ ነጥቡ፣ ጣት ጫፍ ላይ ያለው ሙሉ ቅቡ ሁሉ አንድ በአንድ ይወጣል። ጥቁሩ ሂና ከሆነ ምንም ጣጣ የለውም።

ጀጎል ውስጥ ሌላ ዓይነት ፈተና ነው ያለው። ግድግዳው አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሮዝ፣ አንዱ ሐምራዊ፣ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ነጭ ኖራ ነው። ዓይናችን በቀለም ስለሚጠግብ ጥሩ ፎቶ ያነሳን ይመስለናል፣ ቀለሙ ሲነሳ ባዶ ግድግዳ ይቀራል። መኪና ግርግር በሚባለው የሰፊዎች መንገድ ላይ ልብስ ሰፊዎቹ ሲንጀራቸውን ደጅ አውጥተው ተደርድረው ሲሠሩ ስታዩም እንደዚያው ነው። ከኋላቸው የተሰቀለው ጨርቅ በቀለም ልብ ይሰርቃል፤ በጥቁርና ነጭ ግን ቀዩም ሰማያዊውም ወይን ጠጁም ተቀራራቢ ግራጫ ሆነው ይደበላለቃሉ። ስለዚህ እዚያ ጨርቁን ትቼ እጁን ነው የምፈልገው። ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ ፀሐይ በሰያፍ ስትገባ የሰፊው ጣቶች መርፌው አጠገብ ያበራሉ፣ የማሽኑ ጎማ ጥላ ግድግዳው ላይ ይወድቃል። ብርሃንና ጥላ ያለው ፎቶ ቀለሙ ቢነሳም ይቆማል። ያኔ ከኋላ ያለውን ጨርቅ በሙሉ አንድ ላይ አጠቁረዋለሁ፣ ሰማያዊውን፣ ሐምራዊውን፣ ማጄንታውን ሁሉ ወደ ታች። እጁ ብቻውን ይቀራል።

ከማንሳታችሁ በፊት ማየት ከፈለጋችሁ ካሜራችሁን ሞኖክሮም ላይ አድርጉት፣ ግን ፋይሉን ራው (ካሜራው ያየውን ሳያቀናብር የሚያስቀምጥበት ፋይል) አድርጋችሁ ያዙ። ስክሪኑ ላይ ጥቁርና ነጭ ታያላችሁ፣ ራው ፋይሉ ግን ቀለሙን በሙሉ ይዞ ይቀመጣል። ካኖን ላይ ሞኖክሮም ውስጥ የቢጫ፣ የብርቱካናማ፣ የቀይና የአረንጓዴ ፊልተርም አለ። ጄፔግ ብቻ እያነሳችሁ ሞኖክሮም ካደረጋችሁት ግን ቀለሙ አይመለስም፣ እሱን አትርሱ።

ራው የምለው ለጉራ አይደለም። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ነው ያለው። ራው 12 ቢት ከሆነ 4,096፣ 14 ቢት ከሆነ 16,384 ደረጃ ይይዛል። ከዚያ በላይ ደግሞ ብዙው ጄፔግ ቦታ ለመቆጠብ ብሎ የቀለሙን መረጃ ከብርሃኑ ባነሰ ጥራት ነው የሚያስቀምጠው። በመደበኛው ፎቶ አታዩትም። የቀለም ስላይደር በኃይል ስትጎትቱ ግን ይወጣል፤ ጠርዙ ይሰባበራል፣ ሰማዩ ላይ ደረጃ ደረጃ የሆነ መስመር ይመጣል። የስልክ ካሜራ ብዙዎቹ አሁን ራው ያነሳሉ፣ ሴቲንግ ውስጥ ፈልጉት። ራው ስትሠሩ ሌላ ጥቅምም አለ፦ ዋይት ባላንሱን (የፎቶውን ቀለም ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ቢጫ የሚያደላውን የሙቀት ማስተካከያ) ስትቀይሩ ጥቁርና ነጩም አብሮ ይቀየራል፣ ምክንያቱም ስላይደሮቹ የሚሠሩት ከሥር ባለው ቀለም ላይ ነው። አንዳንዴ ስላይደር ሳልነካ ሙቀቱን ብቻ ወዲያ ወዲህ አድርጌ የምፈልገውን አገኛለሁ።

ሰማይ ላይ ስስት ይበዛል። ሐረር ከፍታ ላይ ስላለች በጋ ሰማዩ ደማቅ ሰማያዊ ነው፣ የጃሚዕ መስጊድ ነጭ ሚናራዎች ደግሞ ከሱ ላይ ቆመዋል። ሰማያዊውን ወደ ታች ስትጎትቱት ሰማዩ ሊጠቁር፣ ሚናራው ሊያበራ፣ እናንተም ጎበዝ የሆናችሁ ሊመስላችሁ ነው። አጉሉትና ጠርዙን እዩት። ሚናራውን ዙሪያውን የከበበ ቀጭን ነጭ መስመር አለ፣ ሰማዩም አሸዋ የተበተነበት ይመስል ተነቋቁሯል። የሰማያዊው ቻናል ብዙ ጊዜ ከሦስቱ ይበልጥ ኖይዝ (እንደ አሸዋ የተበተነ ነጠብጣብ) ያለበት ነው፣ ስትገፉት ኖይዙን ነው የምታወጡት። እኔ ላይትሩም ላይ ሰማያዊውን ከ40 በላይ አላወርድም። ከዚያ የበለጠ ጥቁረት ከፈለግሁ ከላይ ወደ ታች ቀስ በቀስ እየሳሳ በሚሄድ ግራዲየንት ማስክ ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ብርሃኑን፣ ነው የምቀንሰው። ስናፕሲድ ላይ ደግሞ ብሩሽ ውስጥ ዶጅ ኤንድ በርን አለ፣ በጣት እየቀቡ ማጥቆርና ማብራት ነው። የጀጎልን ግንብ ስሠራም በእሱ ነው። ግንቡ ሐሺ በሚባለው ድንጋይ የተሠራ ነው፣ በቀለም ስታዩት ቡኒና ግራጫ ብቻ ስለሆነ የቀለም ስላይደር ብዙም አይሰማውም። ኮንትራስት፣ ክላሪቲ፣ ከሰዓት በኋላ የሚመጣ የጎን ብርሃን፣ በቃ፤ ድንጋይ በድንጋይ ይቆጠራል።

ጥቁርና ነጭ በእውነት የሚያድነው አንድ ዓይነት ፎቶ አለ፣ ቀፊራ ገበያ ውስጥ የተነሳ ፎቶ። ከላይ የተወጠረው ሸራ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ብርቱካናማ ስለሆነ የሰው ፊት ግማሹ ሰማያዊ ግማሹ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። በቀለም ለማስተካከል ከሞከራችሁ ዕድሜያችሁ ያልቃል። ቀለሙን አንሱት፣ ችግሩ ይቀላል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሰማያዊ ሸራ ሥር የተቀመጠች ሴት ቆዳዋ ለሶፍትዌሩ ብርቱካናማ አይደለም፣ ወደ ሰማያዊ ሄዷል። ብርቱካናማውን ብትነኩት ፊቷ አይነቃነቅም፤ ሰማዩን ላጥቁር ብላችሁ ሰማያዊውን ስታወርዱ ግን ፊቷ አብሮ ይጠቁራል። እንዲህ ዓይነቱን ፎቶ ስላይደሮቹን ሁሉ መሐል ላይ ትታችሁ በብሩሽ ሥሩት።

የማልነካውም አለ። የአደሬ ቤት ግድግዳ ላይ የተደረደረውን ስፌት ጥቁርና ነጭ አድርጋችሁት እዩ፣ ባለሙያዋ ቀዩን ከአረንጓዴው፣ ብርቱካናማውን ከወይን ጠጁ ጋር ያዋደደችው ሁሉ ገደል ይገባል። ስላይደር ጎትቼ ባወጣውም የራሴን ሥዕል ነው የማወጣው እንጂ የሷን አይደለም። እሱ በቀለሙ ይቅር።

ደግሞ ሁሉንም ጥቁርና ነጭ አድርጎ ጽጌረዳውን ብቻ ቀይ መተው የሚባል ነገር አለ። አቦ! የሠርግ ደንበኛ አሁንም ይጠይቀኛል። ከከፈለ እሠራለታለሁ፣ ስሜን ግን አልጽፍበትም።

ስላይደሩ ካለቀ በኋላ ሂስቶግራሙን፣ ከጥቁር እስከ ነጭ የቱ ምን ያህል እንዳለ የሚያሳየውን ግራፍ፣ አያለሁ። ብዙ ሰው ፎቶው መሐል ላይ ተኮልኩሎ ግራጫ ብቻ ሆኖ ይተወዋል። የሆነ ቦታ ላይ እውነተኛ ጥቁር፣ የሆነ ቦታ ላይ ወደ ነጭ የቀረበ ነገር ይኑር። ሙሽራ ከሆነች ግን ቬሎው ነጭ ብቻ ሆኖ ጥልፉ እንዳይጠፋ፤ መጀመሪያ ሃይላይቱን (በጣም የበራውን ክፍል) አውርዱ፣ ከዚያ ፊቷን ለብቻ አንሱ። ግሬይን (እንደ ፊልም ያለ ብናኝ) መጨመር የኖይዝ መልክን ይሸፍናል፣ ትንሽ ብቻ። ቪኔት፣ የፎቶውን ዳር ዳር ማጥቆር፣ ብዙም አልወድም።

ማሳተም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ባለ ቀለም ወረቀትና ባለ ቀለም ማሽን ላይ የሚታተም ጥቁርና ነጭ ብዙ ጊዜ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሮዝ ያደላል። የማሽኑ ቀለሞች ትንሽ ከተዛቡ በባለ ቀለም ፎቶ ላይ ማንም አያስተውለውም፣ ግራጫ ላይ ግን ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። ፋይሉን ግሬይስኬል አድርጋችሁ አትውሰዱ፣ አንዳንዱ ማሽን አይቀበለውም፤ ኤስአርጂቢ በሚባለው የተለመደ የቀለም አሠራር ጄፔግ አድርጋችሁ ውሰዱ። የስክሪናችሁን ብርሃን አውርዳችሁ ሥሩ። የድሬ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ ስልኩን እስከ መጨረሻ አብርቶ የሠራ ሰው ወረቀቱ ላይ ድቅድቅ ጨለማ ነው የሚያገኘው። ጥቁሩም ሙሉ በሙሉ 0 ላይ አይቀመጥ፣ ወደ 10 አካባቢ ከፍ ብታደርጉት የጸጉሩና የገዋኑ መስመር ወረቀት ላይ ይተርፋል።

መጀመሪያ በትንሹ መጠን አንድ ብቻ አሳትሙ። ውጭ ወጥታችሁ በቀን ብርሃን እዩት፣ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ባለው አምፖል አትመኑ። ወደ አረንጓዴ ካደላ ለሠራተኛው አሳዩትና ትንሽ ማጄንታ እንዲጨምር ንገሩት፣ ወደ ሮዝ ካደላ ደግሞ አረንጓዴ። ካስተካከለው በኋላ ትልቁን እዘዙ፣ ባለ ቀለሙን ፋይል ደግሞ ሳታጠፉ አስቀምጡት።